ወደ ቤት የተመለሰው ፋብሪካና የጠፋው ብሎን

ስልክዎን ወይም የመጣበትን ካርቶን ገልብጠው ቢመለከቱ፣ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር ያገኛሉ። ስልኩ አይፎን ከሆነ ጽሑፉ ዲዛይኑ ካሊፎርኒያ እንደተሠራ፣ የተገጣጠመው ግን ቻይና ወይም ሕንድ እንደሆነ ይነግርዎታል። አንደኛው ስፍራ ሐሳቡ የተወለደበት፣ ሌላኛው እጅ የሠራበት ነው። በእነዚህ ሁለት ስፍራዎች መካከል የብዙ መቶ ሺሕ ቤተሰቦች እንጀራ አለ።

አሜሪካውያን ከዓመታት ወዲህ አንድ ጥያቄ ሲያነሱና ሲጥሉ ቆይተዋል። ሐሳቡ እኛ ዘንድ ከሆነ የእጁ ሥራ ለምን ባሕር ተሻገረ? ሊመለስስ ይችላል? ጥያቄው በምርጫ ሰሞን ከፖለቲከኞች አፍ አይጠፋም። በተግባር ለመመለስ የሞከሩ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ግን ጥቂት ናቸው። ከእነርሱ አንዱ አፕል ነው። የገጠመውም ነገር፣ ፋብሪካ ማለት ሕንጻና ማሽን ብቻ ለሚመስለው ሰው ሁሉ ጥሩ ትምህርት ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ100 ሚሊዮን ዶላሩ ቃል

በዲሴምበር 2012 የአፕል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቲም ኩክ ለአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን አንድ ቃል ገቡ። ኩባንያቸው ከሚያመርታቸው ኮምፒውተሮች አንዱን በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ውስጥ እንደሚያስገጣጥም፣ ለዚህም ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያወጣ ተናገሩ።

ዜናው ትልቅ ነበር። አፕል በ2011 ብቻ 70 ሚሊዮን አይፎኖችና 30 ሚሊዮን አይፓዶች ሸጧል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተሠሩት ከአሜሪካ ውጭ ነበር። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ከቴክኖሎጂ ኩባንያ መሪዎች ጋር እራት ሲበሉ፣ የአፕሉን መሥራች ስቲቭ ጆብስን አይፎን አሜሪካ ውስጥ እንዲሠራ ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቀዋቸው ነበር። ኒውዮርክ ታይምስ እንደዘገበው ጆብስ አልሸፋፈኑም፤ እነዚያ ሥራዎች ተመልሰው አይመጡም ነበር ያሏቸው። ጆብስ በዚያው ዓመት አረፉ። ኩክ ደግሞ የለም፣ ቢያንስ ጥቂቱ ይመለሳል እያሉ ነበር።

የተመረጠው ኮምፒውተር ማክ ፕሮ ነበር። ፊልም የሚያቀናብሩ፣ ሙዚቃ የሚቀርጹና ከባድ ስሌት የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚገለገሉበት፣ ዋጋው ያኔ ከ2,999 ዶላር የሚጀምር ውድ ማሽን ነበር። አዲሱ ቅርጹ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ጥቁር ሲሊንደር ነበር። እንደ አይፎን በሚሊዮን የሚቸበቸብ አይደለም። ለሙከራ የተመረጠውም በዚህ ምክንያት ይመስላል፤ ቁጥሩ ትንሽ፣ ዋጋው ትልቅ፣ ገዢውም ጥቂት ዶላር ቢጨመርበት የማይሸሽ ነው።

መገጣጠሚያው ቴክሳስ ውስጥ ኦስቲን ከተማ ሆነ። ሥራውን የሚያካሂደው አፕል ራሱ ሳይሆን ፍሌክስትሮኒክስ የተባለ፣ ለሌሎች ኩባንያዎች በኮንትራት የሚያመርት ድርጅት ነበር። ኩክ በሜይ 2013 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርበው ሲናገሩ፣ ዕቃዎቹ ከኢሊኖይና ከፍሎሪዳ፣ ማሽኖቹ ደግሞ ከኬንታኪና ከሚሺጋን እንደሚመጡ አስረዱ። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ተሰናድቷል።

አንድ ብሎን

ኮምፒውተሩ ልዩ ብሎን ያስፈልገው ነበር። ከሱቅ የሚገዛ ዓይነት ሳይሆን፣ በልኩ የሚሠራ ብሎን። ቻይና ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህ ለወሬ የሚበቃ ጉዳይ አይደለም። ኦስቲን ላይ ግን ሥራውን አስቆመው።

ኒውዮርክ ታይምስ በ2019 መጀመሪያ ባወጣው ዘገባ እንዳብራራው፣ አምራቹ ድርጅት ብሎኑን እንዲሠራለት ያገኘው 20 ሠራተኞች ያሉት አንድ ቶርኖ ቤት ነበር። ቶርኖ ቤቱ ያለ የሌለ ኃይሉን ቢጠቀም በቀን ሊያወጣ የሚችለው ቢበዛ 1,000 ብሎን ነው። አዲሶቹን ኮምፒውተሮች ገጣጥሞ ለመሞከር እንኳ ይህ አልበቃም። በብሎኑና በሌሎች መሰል እጥረቶች ምክንያት የኮምፒውተሩ ሽያጭ በወራት ዘገየ። ገበያ ላይ የዋለው በዲሴምበር 2013፣ ዓመቱ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ነው። በብዛት ማምረት ሲጀመር አፕል ብሎኑን ያዘዘው ከቻይና ነበር።

ኋላ ላይ ቴክሳስ ውስጥ 28 ሺሕ ብሎኖች ተሠርተው ለኦስቲኑ ፋብሪካ ቀርበዋል። የቶርኖ ቤቱ ባለቤት ብሎኖቹን በ22 ጉዞ አመላልሶ ነው ያደረሰው። ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰዓቱን መንገድ ራሱ ይነዳ ነበር፤ በጭነት መኪና ሳይሆን በገዛ የቤት አውቶሞቢሉ። በዓለም ላይ ከፍተኛ ገንዘብ ካላቸው ኩባንያዎች አንዱ የሚጠብቀውን ዕቃ፣ አንድ ሰው በመኪናው ኮፈን ጭኖ ሲያመላልስ ይታይዎት።

ይህ የባለቤቱ ድክመት አይደለም። ሰውየው ቀደም ሲል ብሎን በብዛት የሚያወጡ ማሽኖች ነበሩት። ትልልቆቹ አምራቾች ወደ ቻይና ሲሄዱ ግን በብዛት የሚያዝዝ ጠፋ። ስለዚህ አሮጌዎቹን ማሽኖች አስወግዶ፣ በቁጥር አነስተኛ በዓይነት ልዩ የሆኑ ሥራዎችን በሚሠሩ ማሽኖች ተካቸው። ትክክል ነበር፤ ቤቱን ያቆየው ይኸው ውሳኔ ነው። አፕል ተመልሶ ሲመጣ ግን የሚፈለገው የድሮው ማሽን ነበር፤ እርሱ ደግሞ ከሄደ ቆይቷል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንደሚባለው ነው።

ሥራው እንዴት ሄደ?

አፕል ሁልጊዜ ባሕር ማዶ አላመረተም። በ1984 ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ሲወጣ የሚገጣጠመው ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ውስጥ ነበር። ፋብሪካው በዘመኑ ጉድ የተባለለት ነው፤ በየ27 ሰከንዱ አንድ ኮምፒውተር እንዲያወጣ ታስቦ የተሠራ። በ1992 ተዘጋ። በዚያው በካሊፎርኒያ ኤልክ ግሮቭ የተባለ ሌላ ፋብሪካ ደግሞ እስከ 2004 ቆይቷል።

የኤልክ ግሮቩ ታሪክ ብዙዎች የሚገምቱትን ነገር ያርማል። ሥራው የሄደው ደመወዝ ስለሚረክስ ብቻ ይመስለናል። ኒውዮርክ ታይምስ በ2012 ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት፣ የ1,500 ዶላሩን ኮምፒውተር ኤልክ ግሮቭ ላይ ለመሥራት፣ የዕቃውን ዋጋ ሳይጨምር፣ 22 ዶላር ይፈጅ ነበር። ሲንጋፖር ላይ 6 ዶላር፣ ታይዋን ላይ 4 ዶላር ከ85 ሳንቲም። ልዩነቱ 17 ዶላር ገደማ ነው። ከ1,500 ዶላር ኮምፒውተር ላይ ይህ ፋብሪካ የሚያዘጋ አይደለም። ያዘጋው ሌላ ነው፤ ዕቃ አቅራቢዎቹ ሁሉ እስያ ነበሩ። ኤልክ ግሮቭ ላይ ዕቃው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ይጠበቃል፣ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል፣ የተቀመጠ ዕቃ ደግሞ የተኛ ገንዘብ ነው።

በዚህ ሁሉ ሒሳብ ውስጥ ሰዎች ነበሩ። ዘጋቢዎቹ ካነጋገሯቸው መካከል አንዱ በኤልክ ግሮቩ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ነው። ፋብሪካው ከ1,500 በላይ ሠራተኞች በነበሩት ጊዜ ገብቶ፣ ቤት ገዝቶ፣ ልጆች እያሳደገ ሳለ ከሥራ ተሰናበተ። ዓመታት አልፈው በዚያው ግቢ ሌላ ሥራ አገኘ። በሰዓት 10 ዶላር የሚከፈልበት፣ በጊዜያዊ ቅጥር፤ ደንበኞች የመለሷቸውን ስልኮች መስታወት መወልወልና የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ መሞከር ነበር ሥራው። ማሽን የሚያስተካክል እጅ መስታወት ወልዋይ ሆነ። አንድ ፋብሪካ ሲዘጋ የሚቀረው ይህ ነው፤ ሥራ አጥ ብቻ ሳይሆን ያለቦታው የዋለ ሙያ።

ቻይና ያላት ምንድን ነው?

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። አንድ ሱቅ ገብተው የጠየቁት ዕቃ ከሌለ፣ ባለሱቁ ባዶ እጅዎን አይሸኝዎትም። ልጁን ወደ ጎረቤት ልኮ ያስመጣልዎታል። ዕቃው የእርሱ ባይሆንም ተራው የእርሱ ነው። የመርካቶ ጉልበቱ አንድ ትልቅ ሱቅ ስላለ ሳይሆን፣ ብዙ ትንንሽ ሱቆች ጎን ለጎን ስላሉ ነው።

ሼንዘንና አካባቢዋ ለኤሌክትሮኒክስ እንደዚያ ናቸው። የጎማ ማሸጊያ የሚሠራው ፋብሪካ ከአጠገብ ነው፤ ብሎን የሚሠራው ከአንድ መንገድ ወዲያ፤ የብሎኑ ቅርጽ ትንሽ ይለወጥ ከተባለ በሰዓታት ውስጥ ይለወጣል። አንድ ኩባንያ ከዚያ ወጥቶ ሲሄድ ይዞ የሚሄደው የራሱን ሕንጻ ብቻ ነው፤ ጎረቤቶቹን ይዞ መሄድ አይችልም።

ሁለተኛው የቻይና ኃይል የሰው ብዛትና ፍጥነት ነው። በ2007 የመጀመሪያው አይፎን ሊወጣ ከአንድ ወር ጥቂት ዕድሜ ሲቀረው፣ ስቲቭ ጆብስ በኪሳቸው የያዙት የሙከራ ስልክ ፕላስቲክ ገጽ በቁልፍ ተቧጭሮ አዩ። ፕላስቲኩ በመስታወት ይተካ አሉ። አዲሱ መስታወት ቻይና ፋብሪካ የደረሰው እኩለ ሌሊት ገደማ ነበር። እንደ ዘገባው፣ አለቃው እዚያው ግቢ ውስጥ የሚያድሩ 8 ሺሕ ሠራተኞችን ቀሰቀሰ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ብስኩትና አንድ ስኒ ሻይ ተሰጣቸው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የ12 ሰዓት ሥራቸውን ጀመሩ። በአራት ቀን ውስጥ ፋብሪካው በቀን ከ10 ሺሕ በላይ ስልኮች እያወጣ ነበር።

ይህን ታሪክ አንዳንዱ በአድናቆት ይናገረዋል። እናት ወይም አባት የሆነ ሰው ግን ሌላም ነገር ያያል፤ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ በብስኩት ወደ ሥራ የተነዳውም የሰው ልጅ ነው። በ2010 ሼንዘን ባለው የፎክስኮን ግቢ ከ10 በላይ ወጣት ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጥፍተዋል። ኩባንያው ደመወዝ ጨመረ፤ በመኝታ ሕንጻዎቹም ዙሪያ የሚወድቅ ሰው የሚይዝ መረብ ዘረጋ። በኋላ ዠንግዡ ከተማ የተገነባውና “አይፎን ከተማ” የሚባለው ግዙፍ ፋብሪካ ሥራ ሲበዛ እስከ 350 ሺሕ ሠራተኞች ይዞ በቀን እስከ 500 ሺሕ አይፎን ያወጣ እንደነበር ተዘግቧል። እንዲህ ያለውን ፋብሪካ አሜሪካ ማምጣት ይቻላል ወይ ከሚለው በፊት፣ አሜሪካውያን ልጆቻቸውን እዚያ ማስገባት ይፈልጋሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

ሦስተኛውና ብዙ የማይነገርለት ኃይል ሙያ ነው። ቲም ኩክ በ2015 በአሜሪካ ቴሌቪዥን፣ በ2017 ደግሞ ጓንግዡ ላይ በተደረገ ጉባኤ ደጋግመው የተናገሩት ስለዚህ ነበር። ቻይና የርካሽ ጉልበት አገር መሆኗ ካበቃ ዓመታት አልፈዋል ይላሉ። የሚወስደን ሙያው ነው። የብረትና የፕላስቲክ ዕቃ ቅርጽ የሚወጣበትን ሞልድ የሚሠሩ ባለሙያዎች ስብሰባ አሜሪካ ውስጥ ቢጠራ አንድ አዳራሽ መሙላቱ ያጠራጥራል፤ ቻይና ውስጥ ግን በርካታ የእግር ኳስ ሜዳዎች ይሞላሉ ነው ያሉት። ምክንያቱንም አልደበቁም፤ ቻይና ለሙያ ትምህርት ትልቅ ትኩረት ስትሰጥ አሜሪካ እየተወችው መጣች።

በእርግጥ ይህን የሚሉት ኩባንያቸው ቻይና ውስጥ በመሥራቱ ብዙ ያተረፈ ሰው ናቸው። ተቺዎቻቸው፣ አፕል ራሱ ለቻይና ሠራተኞችና አቅራቢዎች ያፈሰሰውን ሥልጠናና ገንዘብ አገሩ ላይ ቢያፈስስ ኖሮ አዳራሹ ይሞላ ነበር ይላሉ። ሁለቱም ወገን ግን በአንድ ነገር ይስማማል፤ ሙያው ዛሬ ያለው እዚያ ነው።

ለሁሉም የሚሆን መድኃኒት የለም፤ የሞቶሮላ ነገር

አፕል በኦስቲን ሲሞክር ሌላ ኩባንያም እዚያው ቴክሳስ ውስጥ ከእርሱ የሚበልጥ ነገር ሞክሯል። ጎግል በ2012 ሞቶሮላ ሞቢሊቲን በ12.5 ቢሊዮን ዶላር ከገዛ በኋላ፣ ሞቶ ኤክስ የተባለውን ስልክ ፎርት ዎርዝ አጠገብ ሊያስገጣጥም ወሰነ። ሕንጻው ቀደም ሲል ኖኪያ ስልክ ይሠራበት የነበረ ነው። በሴፕቴምበር 2013 በድምቀት ሲመረቅ የያኔው የቴክሳስ አገረ ገዢ ሪክ ፔሪም ተገኝተው ነበር።

ሐሳቡ ብልህነት ነበረበት። ፋብሪካው ለገዢው ቅርብ ከሆነ ገዢው ስልኩን እንደ ልብስ በልኩ ሊያሰፋ ይችላል። ቀለሙን፣ የጀርባውን ዓይነት፣ የሚጻፍበትን ስም መርጦ ያዝዛል፤ በአራት ቀን ቤቱ ይደርሰዋል። ይህ ከቻይና አይቻልም። ፋብሪካው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 3,800 ሰዎችን ቀጥሮ ነበር።

ስልኩ ግን ገዢ አጣ። አንድ የገበያ ጥናት ድርጅት እንደገመተው በ2014 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት የተሸጠው ሞቶ ኤክስ 900 ሺሕ ያህል ሲሆን፣ በዚያው ጊዜ የተሸጠው አይፎን 5ኤስ 26 ሚሊዮን ነበር። ጎግል በጃንዋሪ 2014 ሞቶሮላን ለቻይናው ሌኖቮ ለመሸጥ መስማማቱን አስታወቀ። በሜይ የፋብሪካው መዘጋት ይፋ ሲሆን የቀሩት ሠራተኞች 700 ገደማ ነበሩ። ዓመቱ ሳያልቅ በሩ ተዘጋ። ከምረቃው እስከ መዝጊያው አሥራ አምስት ወር ያህል ነው።

ፋብሪካ በአገር ፍቅር ብቻ አይቆምም፤ ገዢ ይፈልጋል። የምረቃው ዕለት ሪባን የሚቆርጠው ባለሥልጣን ነው፤ ሥራው ሲቆም ግን የቤት ኪራይ የሚያሳስበው ሠራተኛው ነው።

ቀረጥ፣ ጉብኝትና አዲስ ቃል

የኦስቲኑ ፋብሪካ ግን ያኔ አልተዘጋም። በ2019 አፕል ለአዲሱ ማክ ፕሮ ሥራውን ወደ ቻይና ሊያዞር ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ከቻይና ለሚመጡ የኮምፒውተሩ ዕቃዎች የቀረጥ ምሕረት እንደማይኖር አስታወቁ። በሴፕቴምበር ግን ለአንዳንዶቹ ዕቃዎች ምሕረቱ ተፈቀደ፤ አፕልም አዲሱ ማክ ፕሮ ኦስቲን ውስጥ እንደሚሠራ ተናገረ። በኖቬምበር ትራምፕ ፋብሪካውን ጎብኝተው ትልቅ የአፕል ፋብሪካ እንደከፈቱ ገለጹ። ፋብሪካው ግን ከ2013 ጀምሮ ሲሠራ የነበረ ነው።

ከዚህ ውስጥ አንድ ነገር ልብ ይሏል። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራው ኮምፒውተር አሜሪካ ውስጥ እንዲቀር፣ ከቻይና ለሚመጡት ዕቃዎች ቀረጥ መቅለል ነበረበት። ሠራሁት የሚለው አገር አንድ ቢሆንም፣ ዕቃው ውስጥ የብዙ አገር እጅ አለ።

በ2025 ጉዳዩ እንደገና ጋለ። በፌብሩዋሪ አፕል በአራት ዓመት ውስጥ አሜሪካ ላይ 500 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያፈስስ፣ ሂዩስተን ከተማም ሰርቨር የሚሠራ ፋብሪካ እንደሚቋቋም አስታወቀ። በሜይ ትራምፕ አሜሪካ ውስጥ በማይሠሩ አይፎኖች ላይ ቢያንስ 25 በመቶ ቀረጥ እንደሚጥሉ አስጠነቀቁ። በኦገስት አፕል ቃሉን ወደ 600 ቢሊዮን ዶላር አሳደገው። ሆኖም አይፎን ራሱ ወደ ቴክሳስ አልመጣም። ቻይናን በከፊል የተካቻት ሕንድ ናት፤ ኩክ በዚያው ዓመት ሜይ ወር እንደተናገሩት፣ በቀጣዮቹ ወራት አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡት አይፎኖች አብዛኛዎቹ ከሕንድ የሚመጡ ነበሩ።

ያልሄደው መስታወት

ከኦገስቱ ዜና ውስጥ ብዙም ያልተወራለት፣ ግን ከሁሉ የሚያስተምረው የኬንታኪው ነው። አፕል 2.5 ቢሊዮን ዶላር መድቦ፣ የአይፎንና የአፕል ሰዓት የፊት መስታወት በሙሉ ሃሮድስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በኮርኒንግ ኩባንያ ፋብሪካ እንዲሠራ ተስማማ።

ይህ ለምን ተቻለ? ኮርኒንግ እዚያች ከተማ መስታወት መሥራት የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። ለመጀመሪያው አይፎን የሆነው መስታወት፣ ያ እኩለ ሌሊት ቻይና የገባው፣ መነሻው ከዚሁ ከኬንታኪ ነበር። ፋብሪካው መልኩንና ምርቱን እየለወጠ ቆየ እንጂ አልሄደም። ሠራተኛው ለተተኪው እያስተማረ፣ ምድጃው ሳይበርድ ስድሳና ሰባ ዓመት ዘለቀ። ስለዚህ ገንዘቡ ሲመጣ የሚያርፍበት ቦታ አገኘ።

ኦስቲንና ሃሮድስበርግን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይበቃል። አንደኛው ጋ ገንዘብ ነበር፣ ሕንጻ ነበር፣ ቃል ነበር፤ ብሎን ጠፋ። ሁለተኛው ጋ ሙያው ከስፍራው ስላልተነቃነቀ መስታወቱ አልጠፋም። የሄደን ፋብሪካ መመለስ በገንዘብ ሊሆን ይችላል። የሄደን ሙያ ለመመለስ ግን ሰው እንደገና ማሳደግ ያስፈልጋል፤ እርሱ ደግሞ የአንድ ትውልድ ሥራ ነው። አፕልም ይህን የተረዳው ይመስላል፤ በዚያው ኦገስት ከሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን ዲትሮይት ውስጥ የአነስተኛና የመካከለኛ ፋብሪካ ሰዎችን የሚያሠለጥን ተቋም ከፍቷል። ከመጀመሪያው ቃል በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ መሆኑ ነው።

ይህ ወሬ እኛን ምን አገባው?

እኛ የሄደ የስልክ ፋብሪካ የለንም፤ ገና የሚመጣውን የምንጠብቅ ነን። ቴክኖ ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ሲያስገጣጥም ቆይቷል። ዕቃው ከቻይና ይመጣል፣ እዚህ ይገጠማል። መገጣጠም የሚናቅ አይደለም፤ ቻይናም የጀመረችው ከዚያ ነው። ልዩነቱ እዚያ አለመቆሟ ነው። ከመገጣጠሚያው ጎን ብሎን ሠሪው፣ ከብሎን ሠሪው ጎን ሞልድ ሠሪው፣ ከእርሱ ጎን የሙያ ትምህርት ቤቱ በቅለዋል።

ስለዚህ በቀጣይ “አገር ውስጥ ተመረተ” የሚል ዜና ሲሰሙ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ። ብሎኑን የሠራው ማን ነው? እዚያ የሚሠሩት ልጆችስ ፋብሪካው ነገ ቢዘጋ ይዘውት የሚሄዱት ሙያ አላቸው? የሁለቱም መልስ ጥሩ ከሆነ ፋብሪካው ሥር ሰድዷል ማለት ነው። ካልሆነ ግን ኪራዩ ሲያልቅ እንደሚነሳ ድንኳን ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የቤታችን ነው። ብዙዎቻችን ቴክኒክና ሙያን የምናስበው ለዩኒቨርሲቲ ነጥብ ላልመጣለት ልጅ እንደ ማረፊያ ነው። ልጃችን ቶርኖ ቤት ገብቶ እጁ በዘይት ቢጠቁር ለጎረቤት ለመናገር እናፍራለን። ከዓለም ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የአንዱ መሪ አገሩ ውስጥ አጣሁት ያለው ግን ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ብረት ልክ ጠብቆ የሚቆርጥ ሰው ነው። ምናለሽ ተራ ውስጥ ወይም በየሰፈሩ ቶርኖ ቤት ከቁርጥራጭ ብረት መለዋወጫ የሚያወጡት ልጆች፣ አሜሪካ በቢሊዮን ዶላር ልትመልሰው የምትደክምለት የዚያ ሙያ ጅማሬ በእጃቸው አለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ለዚያ ግን መጀመሪያ ዕንቁላሉን አለመስበር ያስፈልጋል።

የዘንድሮ ፈተና ውጤት ሲመጣና ልጅዎ ሙያ መማር እፈልጋለሁ ሲልዎት፣ ከመቆጣትዎ በፊት ያቺን ኦስቲን ላይ የጠፋች ብሎን ያስታውሱ።